ሉሲ ለምን የቦንጋ ልጅ አልሆነችም?

አዲስ አበባ የተማረ ልጅ ስለ ቅሪተ አካል ሲነሳ ሐሳቡ የሚሮጠው ወደ አንድ አቅጣጫ ነው፤ ወደ አፋር። ከክፍል ጓደኞቻችን ጋር ተሰልፈን ብሔራዊ ሙዚየም ምድር ቤት የወረድን፣ መስታወት ውስጥ የተዘረጉትን ቡናማ አጥንቶች አይተን «በቃ ይቺው ናት?» ብለን የወጣን ሁሉ በጭንቅላታችን የቀረው ካርታ ይኸው ነው። ሐዳር፣ ዲኪካ፣ አራሚስ። ፀሐይ፣ አሸዋ፣ ድንጋይ።

ዛሬ ካርታውን ወደ ደቡብ ምዕራብ ልናዞረው ነው። ጅማን አልፋችሁ፣ ጎጀብን ተሻግራችሁ ዳገቱን ስትወጡ ቦንጋ ትደርሳላችሁ። የካፋ ዞን ዋና ከተማ ናት፤ ከ2021 ወዲህ ደግሞ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል መቀመጫ ሆናለች። (ዓመታቱ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ በእኛ ሲሆን እንናገራለን።) እዚህ አገር ሕይወት ያልሰፈረበት ባዶ ቦታ ማግኘት ይከብዳል። ቀራሮና ዋንዛ ላይ ሐረግ ተጠምጥሟል፣ ሐረጉ ላይ የዛፍ ሽበት ተንጠልጥሏል፣ ከላይ ጉሬዛ ይዘላል፣ ከሥር ቡናና ኮረሪማ ማንም ሳይተክላቸው ይበቅላሉ። ዩኔስኮ በ2010 ከ700 ሺህ ሄክታር በላይ የሚሆነውን የካፋ ምድር በባዮስፌርነት መዝግቦታል።

እንግዲህ ጥያቄያችን የዋህ ነው። ሕይወት እንዲህ ከተረፈረፈበት ምድር አንድ ዝነኛ የሚሊዮን ዓመት አጥንት ለምን አልሰማንም? ሉሲ እንኳን ባትሆን፣ የሆነ ጥንታዊ አሳማ፣ የሆነ ዝሆን?

መልሱን ቀድመን እንወርውረው። ቅሪተ አካል የሚበዛው ሕይወት በበዛበት አይደለም፤ ሟች በቶሎና በደንብ በተቀበረበት ነው። ሁለቱ ደግሞ አንድ ቦታ ላይ እምብዛም አይገናኙም።

እስቲ አንዲት ጉሬዛ በሐሳብ እንግደል (ይቅርታ ጉሬዛ)። ቦንጋ አጠገብ ካለ ዛፍ ላይ አርጅታ ወደቀች እንበል። በመጀመሪያው ሰዓት ዝንብ ይመጣል። ማታ ጅብ ወይም ሌላ የሌሊት ወፈፌ ካገኛት ግማሿ ሄደ፤ አጥንቷም ጭምር ተቆርጥሟል። የቀረውን ጉንዳን፣ ምስጥ፣ ጥንዚዛ፣ ሻጋታ ይከፋፈሉታል። እርጥብና ሞቅ ያለ ቦታ ላይ እነዚህ ሠራተኞች እረፍት የላቸውም። በሳምንታት ውስጥ ሥጋ የሚባል የለም፤ በቅጠል ሥር የተበታተኑ አጥንቶች ብቻ ቀርተዋል።

ከባዱ ነገር የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። አጥንት በአብዛኛው ካልሲየምና ፎስፌት ያለበት ማዕድን ነው፤ ማዕድኑ ደግሞ አሲድ አይችልም። የእንቁላል ቅርፊት የሎሚ ጭማቂ ውስጥ ነክራችሁ ብታሳድሩት ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። የካፋ አፈር ለአጥንት ቀስ ብሎ የሚሠራ ሎሚ ነው። ዝናቡ ዓመቱን ሙሉ ሊባል በሚችል ሁኔታ ይወርዳል፤ ሲወርድ ካልሲየሙንና መሰሎቹን እያጠበ ይወስዳል። የሚበሰብሰው ቅጠል ደግሞ የራሱን አሲድ ይጨምራል። በደጋው ብዙ ቦታ ገበሬው ማሳው ላይ ኖራ የሚበትነው ይህንኑ አሲድ ለመግደል ነው፤ ለጫካው ግን ኖራ የሚበትንለት የለም። ስለዚህ የጉሬዛዋ አጥንት ይለሰልሳል፣ ይሟሟል፣ በመጨረሻ ጥርሷም ይከተላል። ካልሲየሟ ሥር ይጠባዋል፣ ወደ ቅጠል ይወጣል፣ ቅጠሉን ሌላ ጉሬዛ ይበላዋል።

ልብ በሉ፤ ጫካው ሀብታም የሆነው በዚሁ ምክንያት ነው። የሚያስቀምጠው የለም፤ የገባውን ሁሉ መልሶ ያወጣዋል። ለታሪክ ጸሐፊ ግን ከዚህ የከፋ ጎረቤት የለም። ደብዳቤ በደረሰው ቁጥር አንብቦ በጀርባው ሌላ ደብዳቤ የሚጽፍ፣ ያንንም የሚልክ ሰው ዓይነት ነው።

ይህን ሁሉ አምልጦ አንድ አጥንት ተረፈ ብንል እንኳ ማን ያየዋል? መሬቱ በሥር፣ በቅጠልና በቁጥቋጦ ተሸፍኗል። አጥንት ለቃሚ አይኑን መሬት ላይ ተክሎ የሚሄድበት ራቁት ገደል ካፋ ውስጥ ከየት ይመጣል?

አሁን ሐዳርን እንየው። ህዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. (በእኛ አቆጣጠር) ነው። አዲስ አበባ ሌላ ዓለም ውስጥ ናት፤ ከአንድ ቀን በፊት ማታ ደርግ ስልሳዎቹን ባለሥልጣናት ገድሏል። በዚያው እሁድ አፋር ውስጥ ዶናልድ ጆሃንሰንና ቶም ግሬይ የተባሉ አሜሪካውያን ከአንድ ደረቅ ሸለቆ ውስጥ የክንድ አጥንት ቁራጭ አዩ። ቀጥለው ሌላ፣ ቀጥለው ሌላ። ተለቅሞ ሲያልቅ የአንዲት ፍጡር አጽም 40 ከመቶ ያህል ሆነ። እኛ ድንቅነሽ ያልናት፣ ዓለም ሉሲ የሚላት፣ በመዝገብ ቁጥሯ ኤ.ኤል. 288-1 ናት።

እሷ የሞተችው ከ3.18 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው፤ የሞተችበት አገር ግን ዛሬ የምናውቀው በረሃ አልነበረም። ወንዝ ነበረው፣ ሐይቅ ነበረው፣ ዛፍ ነበረው። አጥንቷ ጅብና ፀሐይ ሳይጨርሱት በጭቃና በአሸዋ ተሸፈነ። በላዩ ላይ ሌላ ደለል መጣ፣ ሌላም። በደለሉ ውስጥ የሚያልፈው ውሃ አሲዱ የበዛ አልነበረም፤ እንዲያውም ማዕድን ይዞ መጥቶ የአጥንቱን ቀዳዳዎች ሞላ። አጥንቱ ቅርፁን ሳይለቅ ወደ ድንጋይነት አደላ። አካባቢው ስምጥ ሸለቆ ስለሆነ መሬቱ እየሰጠመ ለተጨማሪ ደለል ቦታ ይለቅ ነበር። እሳተ ገሞራውም በየጊዜው አመድ ይበትን ነበር፤ አመዱ ውስጥ ያለው ፖታሲየም በታወቀ ፍጥነት ወደ አርጎን ስለሚለወጥ አመዱ የራሱን ዕድሜ ይዞ ተቀምጧል። በመጨረሻም አገሩ ደረቀ፣ ጎርፍ መሬቱን ሸረሸረ፣ አጥንቷ ብቅ አለች። አፋር የረዳን ሁለት ጊዜ ነው ማለት ነው፤ እርጥብ በነበረበት ዘመን ቀብሮልን፣ በደረቀበት ዘመን አውጥቶልን። ካፋ ሁለተኛውን ምዕራፍ አላየም፤ አሁንም አረንጓዴ ነው።

ነገሩ የሚያሳስበው እዚህ ላይ ነው። ስለ ጥንታዊ ሕይወት የምናውቀው ነገር ሁሉ የመጣው ከጥቂት ጥሩ መቃብሮች ነው። ይህ የአንድን ሰፈር ታሪክ ፎቶ ቤት ሄደው ፎቶ ከተነሱ ሰዎች አልበም ብቻ እንደ መጻፍ ነው። ፎቶ ያልተነሳ ሰው አልኖረም ማለት ነው? የቺምፓንዚን ነገር ተመልከቱ። ከሰው ጋር የቅርብ ዘመድ ነው፤ እንደ እኛው ሚሊዮን ዓመታትን ኖሯል። ሆኖም የመጀመሪያው የቺምፓንዚ ቅሪተ አካል ይፋ የሆነው በ2005 ነው፤ እሱም ከኬንያ ስምጥ ሸለቆ የተገኙ ግማሽ ሚሊዮን ዓመት ገደማ የሆናቸው ጥቂት ጥርሶች ናቸው። ምክንያቱ ጫካ ነው። ጫካ የኖረ ዘመዳችን መዝገብ አልባ ሆነ፤ ስምጥ ሸለቆ ዳር የሞቱት የእኛዎቹ ግን ሙዚየም ሞሉ። ሰው የተፈጠረው ሜዳ ላይ ነው የሚለው የድሮ ትረካ እንዴት እንደተጠናከረ ከዚህ መገመት ይቻላል።

ትረካውን ካናወጡት አንዷ ደግሞ ያቺው አፋር የተገኘች ናት። በ1994 ዮሐንስ ኃይለሥላሴ አራሚስ ላይ የእጅ አጥንት ስባሪ አገኘ፤ ከዚያ የቀጠለው ቁፋሮ 4.4 ሚሊዮን ዓመት የሆናትን አርዲን አወጣ። ጥናቷ በ2009 ታትሞ ሲወጣ ከአጥንቷ እኩል ያነጋገረው ጎረቤቶቿ ናቸው፤ ከአጠገቧ የቅጠል በል ጦጣዎችና የዛፍ ቅሪቶች ተገኝተዋል። ተመራማሪዎቹ አርዲ የኖረችው ዛፍ በበዛበት አገር ነው አሉ፤ ሌሎች ደግሞ «አይ፣ ሣሩም ብዙ ነበር» ብለው ተከራከሩ። ክርክሩ ለእኛ የሚጠቅመው አንድ ነገር ስለሚያሳይ ነው። ጫካም ሆነ ከፊል ጫካ፣ ሥፍራው ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ከሆነና ጭቃው በጊዜ ከደረሰ ፎቶ ይነሳል።

ታዲያ ካፋ ፎቶ ሳይነሳ ቀረ ብለን እናልቅስ? ቆይ። ቦንጋ ላይ የሚዘንበው ዝናብ የት ነው የሚሄደው?

ብዙው ወደ ጎጀብ ይወርዳል፤ ጎጀብ ወደ ኦሞ፤ ኦሞ ደግሞ እየተጠማዘዘ ወርዶ ቱርካና ሐይቅ ይገባል። ሐይቁ ከሚያገኘው ውሃ ከ80 ከመቶ በላይ የኦሞ ነው። ውሃው ባዶውን አይሄድም፤ የደጋውን አፈር ይዞ ነው። ታችኛው ኦሞ ላይ ሹንጉራ በሚባለው ሥፍራ ከ700 ሜትር በላይ ውፍረት ያለው የደለል ክምር አለ፤ ከ3.5 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ጀምሮ እስከ 1 ሚሊዮን ገደማ ድረስ ወንዙና ሐይቁ ያነጠፉት ነው። ዝሆን፣ ጉማሬ፣ አሳማ፣ ዝንጀሮ፣ የሰው ዘመዶች ሁሉ ተቀብረውበታል። ራይሞንድ ቦንፊል የተባለች ፈረንሳዊት ተመራማሪ ደግሞ አጥንቱን ትታ የአበባ ብናኝ ፈለገች። ብናኝ ከአቧራ ያነሰ ነገር ነው፤ ልባሱ ግን ከአጥንት ይበልጥ አሲድ ይችላል፣ ቅርፁም የእናት ዛፉን ማንነት ይናገራል። በዚያ ቆላ ደለል ውስጥ የደጋ ዛፎች ብናኝ ተገኘ፤ ነፋስና ወንዝ ያመጡት።

ይህን ስናነብ ቁጭ ብለን ተያየን። ደጋው ቤቱ ውስጥ ማስቀመጥ ያልቻለውን ዕቃ መቶዎች ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ቆላ ዘመድ ቤት አደራ አስቀምጧል ማለት ነው። የደቡብ ምዕራብን ደኖች ጥንታዊ ታሪክ የፈለገ ሰው ጫካው መሃል ከመቆፈር ወንዙ የሚያልቅበት ሄዶ ቢቆፍር ይሻለዋል።

ኦሞ ያስቀመጠው ይህ ብቻ አይደለም። በ1967 ኪቢሽ ላይ የተገኘው የራስ ቅልና አጽም እንደ እኛ ያለ ሰው ነበር። መጀመሪያ ዕድሜው አነስ ብሎ ተገመተ፤ በ2005 195 ሺህ ዓመት ተባለ፤ በ2022 ደግሞ ከበላዩ ያለው አመድ ሻላ ሐይቅ ዛሬ ካለበት እሳተ ገሞራ የመጣ መሆኑ ተለይቶ ዕድሜው ቢያንስ 233 ሺህ ደረሰ። የቀበረው ጭቃ የኦሞ ጭቃ ነው። የትኛው እፍኝ ከየትኛው ተራራ እንደመጣ ማንም አይለየውም፤ የደጋውን ዝናብ ድርሻ ግን አንክድም። (በነገራችን ላይ ግልገል ጊቤ ሦስት በ2016 ከተመረቀ ወዲህ ጎጀብ ይዞት የሚወርደው ደለል አብዛኛው ግድቡ ሐይቅ ውስጥ ነው የሚቀረው። ከሚሊዮን ዓመት በኋላ የሚመጣ ቆፋሪ የት እንደሚጀምር ከወዲሁ ጠቁመናል።)

ጫካ ራሱ፣ ቅጠሉ ሳይቀር፣ የተቀመጠበት ቦታ ከፈለጋችሁ ደግሞ ወደ ሰሜን ነው መሄድ ያለባችሁ። ማን ይገምታል? ከጎንደር በስተ ምዕራብ ጭልጋ ውስጥ ጓንግ ወንዝ የቆረጠው ገደል ላይ 27 ሚሊዮን ዓመት የሆነው ደን አለ። አመድና ጭቃ ቅጠሎቹን አልብሷቸው ነበር፤ የቅጠሉ ጅማት፣ ነፍሳት የነከሱት ቦታ ሁሉ ይታያል። ከዘንባባው ሌላ የባቄላ ቤተሰብ የሆኑ ትልልቅ ዛፎች ነበሩት፤ ከእነሱ አንዱን ሳይንቲስቶቹ በ2010 ስም ሲያወጡለት «ሳይኖሜትራ ጫካ» አሉት። አዎ፣ ጫካ፤ የእኛው ቃል በላቲን ስም መሃል ገብቶ ቁጭ ብሏል። ከዛፎቹ ሥር ይመላለሱ ከነበሩት እንስሳት መካከል የዝሆን ቀደምት ዘመዶች አሉ፤ አፍንጫው ላይ ሁለት ግዙፍ ቀንድ ያቆመው አርሲኖይቴሪየምም አለ። በ2003 ይፋ ሲሆኑ ጉድ አሰኝተዋል፤ ምክንያቱም ያ ዘመን አፍሪካ ከእስያ ጋር ሳትገጣጠም ደሴት ሆና የኖረችበት ማብቂያ ነው፤ ከዚያ ዘመን የቀረ መዝገብ ደግሞ በአህጉሪቱ ላይ በጣም ጥቂት ነው።

ሰሜን ሸዋ ሙሽ ሸለቆም እንዲሁ 21.7 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የሆነው የሐይቅ ጭቃ ውስጥ የደን ቅጠሎች ተገኝተዋል። ዓለም ከተማ አካባቢ ደግሞ የዛፍ ሙጫ ደርቆ አምበር ሆኖ፣ ጉንዳንና ትንኝ ይዞ ቀርቷል። ይህ አምበር በ2010 ሲታወጅ 95 ሚሊዮን ዓመት ተብሎ ነበር፤ በኋላ ሲጣራ ግን ወደ 20 ሚሊዮን አካባቢ ወረደ። ጉንዳኗ ግን ዕድሜዋ ሲቀነስ ቅር ያላት አትመስልም።

ዛሬ እነዚህ ቦታዎች ላይ ቆማችሁ ጤፍና ገብስ ታያላችሁ። ደን የነበረው አገር ደኑን በድንጋይ አስቀርቶ ዛፉን አጥቷል፤ ካፋ ዛፉን ይዞ ድንጋዩን አጥቷል። ሁለቱን አንድ ላይ የያዘ ሰፈር የለም ወይ ካላችሁ ለካፋ የቀረበው ከሰል ነው። ጅማ ዞን ደልቢና ሞዬ፣ ኢሉባቦር ያዩ፣ ከመሬት በታች የድንጋይ ከሰል ተኝቷል። ከሰል ማለት ረግረግ ውስጥ የወደቀ ዕፅ ነው። ረግረጉ አየር ስላልነበረው የጉሬዛዋን ሥጋ የጨረሱት ሠራተኞች ሊሠሩበት አልቻሉም፤ ዕፁ ሳይበሰብስ ተከማቸ፣ ደለልና ላቫ ተጫነው፣ ጠቆረ። ያዩ ላይ ትዕይንቱ ሁለት ፎቅ ነው። ከላይ እንደ ካፋ ሁሉ በ2010 ዩኔስኮ የመዘገበው የዱር ቡና ደን፣ ከታች የጥንት ረግረግ ዕፅ። ከታች ያለውን ለማውጣት ከላይ ያለውን መንካት እንደሚያስፈልግ ለማወቅ ጂኦሎጂ መማር አያሻም። ያዩ ላይ ሊቆም የታሰበው የማዳበሪያ ፋብሪካ ነዳጁ ይኸው ከሰል እንዲሆን ነበር የታቀደው።

ወደ ሰው ዘመን ስንጠጋ ካፋም ራሱ ጥቂት ጥቂት መናገር ይጀምራል። ዘዴው ጣራ ነው። በ2000ዎቹ አጋማሽ ኤልሳቤት ሂልደብራንድና ባልደረቦቿ የካፋን ዋሻዎችና የድንጋይ ጥላዎች እየዞሩ አዩ። አብዛኞቹ ውሃ የሚያስገቡ ወይ አፈር የሌላቸው ሆኑ። ከተረፉት ጥቂቶች አንዱ ኩማሊ ነው። ውጭ ዝናብ ይወርዳል፤ ከድንጋዩ ሥር ግን መሬቱ ደረቅ ነው። እዚያ ውስጥ የድንጋይ መሣሪያ፣ የእንስሳት አጥንት፣ እንዲሁም ላለፉት ሁለት ሺህ ዓመታት ገደማ የተጠራቀመ የደረቀ ዕፅ አገኙ። ውጭ በሳምንታት የሚጠፋ ነገር ጥቂት ሜትር ወደ ውስጥ ሲገባ ሺህ ዓመት ቆየ። ለካፋ ይህ ቀላል አይደለም። የካፋ መንግሥት በ1897 ንጉሡ ጋኪ ሸሮቾ ተሸንፎ እስኪያዝ ድረስ መቶዎች ዓመታት ቆይቷል፤ የጽሑፍ መዝገብ ግን አልተወልንም። ከአፍ ታሪክ ሌላ ምስክር የተፈለገ እንደሆነ ያለው ከእንዲህ ዓይነቱ ጥላ ሥር ነው።

ጎረቤት ጋሞ ደጋ ላይ ሞታ በሚባል ዋሻ (የጎጃሙን ሞጣ አላልንም) በ2012 የ4,500 ዓመት ሰው ተገኘ። ቀዝቃዛው ደጋና የዋሻው ደረቅነት አጥንቱን ብቻ ሳይሆን ዘረ-መሉን ጠብቀውታል፤ በ2015 ሲነበብ ከአፍሪካ የተገኘ የመጀመሪያው የተሟላ የጥንት ሰው ዘረ-መል ሆነ። ከዛሬ ሰዎች ይበልጥ የሚቀርበው ለአሪ ሕዝብ ነው። ሰውየውን «ባይራ» ብለውታል፤ በጋምኛ በኩር ማለት ነው።

እንግዲህ የቀረን ትልቁ ጉዳይ ቡና ነው። ካፋ ተብሎ ቡና ሳይነሳ መጨረስ አይቻልም።

የቡና ቅሪተ አካል የለንም። ፍሬው ለስላሳ ነው፣ ቅጠሉ ይበሰብሳል፣ የሚኖረው ደግሞ ከላይ በነገርናችሁ ሎሚ አፈር ላይ ነው። መዝገብ በሌለበት ደግሞ ተረት ይገባል። ካልዲና ፍየሎቹን የማያውቅ የለም፤ ከካፌ ግድግዳ ላይ እያየነው አድገናል። ይሁንና ተረቱ መጀመሪያ የተጻፈው በ1671 ሮም ውስጥ፣ ፋውስቶስ ናይሮኒ በሚባል ማሮናዊ ምሁር፣ በላቲን ነው፤ እሱ ጽሑፍ ውስጥ ካልዲ የሚል ስም የለም። ሥፍራውም ካፋ ሳይሆን የመን ነው። በ1753 ደግሞ ሊኒየስ ዛፉን «ኮፊያ አራቢካ» ብሎ ጠመቀው፤ የዓረብ ቡና እንደማለት። ሰውየው አይፈረድበትም፤ አውሮጳ ቡናን ያገኘችው በየመን ወደብ በኩል ነው፣ የካፋ ጫካ ደግሞ ምስክር አላቆመም። የስም ስህተቱ ግን እስከ ዛሬ በየቡናው ከረጢት ላይ ተጽፎ ዓለምን ይዞራል።

ምስክሩ ለካ ቆሞ ነበር፤ በቁሙ፣ በሕይወት። ባለሙያዎች የአራቢካን ዘረ-መል ሲያነቡ የሁለት ሌሎች ቡናዎች ዲቃላ ሆኖ አገኙት፤ አንደኛው ሮቡስታ የምንለው፣ ሌላኛው ዩጂኒዮይደስ የሚባል። በ2024 የታተመ ትልቅ ጥናት ድቅያው የተፈጸመው ከ610 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ነው ይላል። ከኪቢሹ ሰውዬ ዕድሜ እጥፍ በላይ! እዚህ ላይ የቦንጋ ወዳጆቻችን ቅር እንዳይላቸው እንጂ፣ ሁለቱ ወላጆች ዛሬ በዱር የሚበቅሉት ኢትዮጵያ ውስጥ አይደለም፤ ክልላቸው የሚገናኘው ወደ ኡጋንዳ አቅጣጫ ነው። ልጁ ግን ቤቱን የሠራው በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደጋዎችና በአካባቢያቸው ነው፤ ዛሬም የዱር አራቢካ ዘር ብዛት ከሁሉ የሚበልጠው እዚሁ ነው። ዓለም ላይ ያለው የእርሻ አራቢካ በአብዛኛው ከየመን ከወጡ ጥቂት ዛፎች የተባዛ ስለሆነ እርስ በርሱ ይመሳሰላል፤ አንዱን የገደለ በሽታ ሌላውን አይምርም።

ለዚህ ማስረጃ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ ኢትዮጵያ ገብቶ እርሻውን ሲያጠቃ የጅማ ተመራማሪዎች ወደ ደቡብ ምዕራብ ቡናዎች ሄደው በሽታው ያልነካቸውን እናት ዛፎች ለቀሙ። አሁን ቡና ቤት ከረጢት ላይ 74110 ወይም 74112 የሚል ቁጥር አይታችሁ «ይሄ ደግሞ የምን ኮድ ነው?» ካላችሁ ያ ነው። 74 ማለት 1974 ነው፤ ዛፎቹ የተመረጡበት ዓመት። ሉሲም የተገኘችው በዚያው ዓመት ነው። በአንድ ዓመት ውስጥ በአገራችን ሁለት ማኅደር ተከፍቶ ሁለቱም ቁጥር ተሰጣቸው። ከ288-1 ጋር ፎቶ ለመነሳት ወረፋ እንይዛለን፤ 74110ን ጠዋት ጠዋት እንጠጣዋለን።

ልዩነቱ አጥንት መሳቢያ ውስጥ መቀመጡ ነው። ቆልፈህ፣ አድርቀህ፣ መቶ ዓመት ብትተወው ያው ነው። የስንዴ ዘርም ደርቆ ብርድ ክፍል ውስጥ አሥርት ዓመታት ይቆያል። የቡና ዘር ግን እንዲህ አይሆንም፤ ደርቆና ቀዝቅዞ ሲቆይ የመብቀል ኃይሉ ይሞታል። ስለዚህ የቡና ባንክ ማለት ዛፍ ነው። ጅማ ዞን ጎማ ወረዳ ቾጬ ላይ ያለው የአገሪቱ የቡና ዘር ማቆያ መሳቢያ የለውም፤ ከየጫካው የመጡ ዛፎች በረድፍ ተተክለው የቆሙበት መሬት ነው። አረሙ ይታረማል፣ ጥላው ይጠበቃል፣ ያረጀው ሲሞት በቦታው ልጁ ይተከላል።